አበባ ሳያዩ ማባዛት

የዘይት ፓልም እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጅ አያወጣም፤ እንደ ሸንኮራ አገዳም ቆርጠው ቢተክሉት አይበቅልም። ማደጊያው አናቱ ላይ ያለ አንድ እምቡጥ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ዛፉ ይሞታል። ስለዚህ ምርታማ ዛፍ ቢገኝ እንኳ የሚባዛው በዘር ነበር፤ ዘር ደግሞ እናትና አባትን ስለሚቀላቅል ልጁ እናቱን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ከምርጥ ዛፎች ቁራጭ እየወሰዱ፣ በቲሹ ካልቸር ቅርጽ የለሽ የሕዋስ ክምችት እያደረጉ፣ ከዚያ ችግኝ ማውጣት ሲችሉ ደስታው ትልቅ ነበር። ወጥ ቤታችን ውስጥ የሚረጋው ዘይት የሚመጣባት ማሌዢያም በ1980ዎቹ እነዚህን ክሎኖች (የአንድ ዛፍ ቅጂ የሆኑ ችግኞችን) በስፋት ተከለች።

ችግኞቹ ለምለምና ጤነኛ ነበሩ። ፓልም ግን ማሳ ላይ ከተተከለ ከ2 እስከ 3 ዓመት ካልሞላው አያብብም። ጊዜው ደርሶ ሲያብቡ በአንዳንዶቹ ላይ የአበባው ወንዴ ክፍል ወደ ሴቴነት ተለውጦ ተገኘ፤ ፍሬው ዙሪያውን ትርፍ ሥጋ አበቀለ፤ ጉዳቱ በጸናባቸው ዛፎች ላይ ዘለላው ፍሬ ሳይይዝ ይበሰብስ ነበር። እስከዚያ ድረስ መሬቱም ገንዘቡም ዓመታቱም ወጥተዋል።

ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የማሌዢያ ፓልም ዘይት ቦርድ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንዳሳዩት የዲኤንኤው ፊደል አልተለወጠም። የጠፋው «ካርማ» በተባለ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ መኖር የነበረበት ሜቲል የሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ነው፤ እሱ ሲጠፋ አበባን የሚቀርጸው ዘረመል ሥራው ይዛባል። በእኔ እምነት ትልቁ ትርፍ ግኝቱ ለችግኝ ጣቢያ መትረፉ ነው፤ ዛሬ ከቅጠል በሚወሰድ ናሙና ጉድለቱን ከተከላ በፊት መለየት ይቻላል።

አሁን ካናቢስ በሕጋዊ መንገድ የሚያመርቱ ወደዚያው የቲሹ ካልቸር ዘዴ እየገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በካሊፎርኒያ የካናቢስ ሰብል ላይ የተለየው ሆፕ ሌተንት ቫይሮይድ የተባለ በሽታ አምጪ በቁርጥራጭና በመቀስ ስለሚተላለፍ፣ ንጹሕ እናት ተክል ፍለጋ ጥቃቅን የቡቃያ ጫፎችን በቲሹ ካልቸር ያሳድጋሉ። ከጫፍ ማሳደግ ቅርጽ የለሽ ክምችት ውስጥ ከማለፍ ይልቅ ለለውጥ ያለው ተጋላጭነት አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም ከቫይሮይድ ነጻ መሆንና እናትን መምሰል ለየብቻ የሚመረመሩ ነገሮች ናቸው። ካናቢስ ደግሞ በወራት ውስጥ ያብባል። የፓልም ገበሬ ያላገኘውን ዕድል የያዘ ቤተ ሙከራ ከእያንዳንዱ ክሎን ጥቂቱ እንዲያብብ አድርጎ፣ ከእናቲቱ አጠገብ አስቀምጦ ሳያመሳክር በሺህ የሚቆጠር ችግኝ መሸጥ የለበትም።