ዲግሪው የሚጠይቀው፣ ፍጥረቱ የሚጠይቀው

ማለዳ እስራኤል ውስጥ ካለችው ከአፉላ ባቡር ጣቢያ ወደ ሐይፋ ከሚሳፈሩት መካከል ጠመንጃውን ከነሻንጣው ያንጠለጠለ ወታደርና ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ተማሪ አይጠፉም። ከተማሪዎቹ ውስጥ ወላጆቻቸው ከጎንደር አገር የመጡ፣ እነሱ ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች አሉ። ሐይፋ ሲደርሱ መርካዚት ሐሚፍራጽ ጣቢያ ላይ ወርደው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረውን በገመድ የሚንጠለጠል መጓጓዣ ቢይዙ ቴክኒዮንንም የሐይፋ ዩኒቨርሲቲንም ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያገኟቸዋል። ከነዚህ ልጆች አንዷ ባዮሎጂ ልማር ብላ ብትመዘገብ የመጀመሪያው ዓመት ዝርዝር ግራ ያጋባታል። እንስሳና ዕፅዋት ፍለጋ መጥታ የምታገኘው ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ስታትስቲክስ ነው። ሕይወት ያለው ነገር እስኪመጣ ድረስ ገና ብዙ ይቀራል።

ለዚህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት “ማጣሪያ ነው” የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። በእስራኤል ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ባግሩት የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ውጤትና ከ200 እስከ 800 የሚመዘነው የመግቢያ ፈተና፣ ፕሲኮሜትሪ፣ ቆመዋል፤ በሒሳብ የባግሩት ነጥቡ ያነሰ ልጅ መኺና የተባለ መሰናዶ ገብቶ ማሻሻል ይኖርበታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይጠብቀዋል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ስለሆነ፣ ኮርሱ ለመጣል የተቀመጠ ቢመስል አይገርምም። ነገር ግን ማጣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የላቲን ሰዋስው ወይም ቼዝም ያጣራ ነበር። ፊዚክስ ለምን ተመረጠ? መልሱን ከመምሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከባቡሩ መስኮት ማየት ይቀላል።

ባቡሩ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአፉላ ወደ ቤት ሼአን፣ ሲወርድ ጊልቦዓ ተራራን በስተቀኙ እያየ ያልፋል። ሳኦልና ዮናታን የወደቁበት፣ ዳዊትም ዝናምና ጠል እንዳይወርድበት የረገመው ተራራ ነው። በዚያ ዳገት ላይ የዱር ስንዴ ይበቅላል። አሮን አሮንሶን የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1906 ከዚህ በስተሰሜን ሮሽ ፒና ላይ ያገኘው ዓይነት ነው፤ ግኝቱም የስንዴ እናት የት እንዳለች ሲጠይቁ ለኖሩ ሊቃውንት ትልቅ ዜና ነበር። ግንቦት ላይ አንዱን የደረቀ ዛላ በእጅ ቢይዙት ከእርሻ ስንዴ የሚለየው ወዲያው ይታወቃል። የእርሻው ስንዴ በስሎ አጫጁን ይጠብቃል፤ የዱሩ ግን ነካ ሲያደርጉት ከጫፉ እየተቆራረሰ ይረግፋል። የሚረግፈው ቁራጭ ወደ ታች የሾለ ነው፤ ገለፈቱ ውስጥ ባብዛኛው ሁለት ፍሬ ይዟል፤ ከላዩ ሁለት ረጃጅም እሾሆች ወጥተዋል።

የሚደንቀው የእሾሆቹ ሥራ ነው። ቀን አየሩ ሲደርቅ እሾሆቹ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ ሌሊት እርጥበት ሲያገኙ ቀጥ ብለው ይገጥማሉ። ጠዋት እንደገና ይከፈታሉ። በጀርባቸው ላይ በሲሊካ የጠነከሩ ደቃቅ ፀጉሮች ወደ አንድ ወገን አጋድለው ስለተተከሉ ፍሬው ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አይችልም። እንዲህ እንደ ዋናተኛ እግር ሲከፈትና ሲገጥም ፍሬው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተገፋ አፈር ውስጥ ይገባል። ጡንቻ የለም፤ ሕያው ሕዋስ እንኳ የለም፤ እሾሁ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ በእሾሁ አንደኛው ገጽ የሴሉሎስ ክሮች በቁመት ተደርድረዋል፣ በሌላኛው ገጽ ደግሞ አቅጣጫቸው የተዘበራረቀ ነው፤ እርጥበት ሲገባ አንዱ ያብጣል፣ ሌላው አያብጥም፤ በመካከላቸው ባለው ልዩነት እሾሁ ይጎብጣል፣ ይቀናልም። (ዳዊት ጠል በከለከለው ተራራ ላይ በጠል ኃይል ራሱን የሚዘራ ፍሬ መኖሩን ሳስብ ፈገግ ሳልል አላልፍም።)

እንግዲህ ይህ ፍሬ የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው? መጉበጡ ፊዚክስ ነው። ሴሉሎሱና ሲሊካው ኬሚስትሪ ነው። የዱሩ ዛላ የሚረግፈው፣ የእርሻው የማይረግፈው በሁለት ዘረመሎች ላይ በደረሰ ለውጥ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 የዱር ስንዴው ሙሉ ዘረመል በታተመ ጊዜ ተገልጿል፤ ይህ ጄኔቲክስ ነው። ከስንት ዘሮች ስንቱ እንደበቀለ መቁጠር ስታትስቲክስ ነው። የማይረግፈውን ዛላ መርጦ ወደ ቤቱ የወሰደውና በቀጣዩ ዓመት የዘራው ሰው ደግሞ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ጉዳይ ነው። ፍሬው ይህን ሁሉ ክፍፍል አያውቀውም። እኔ እንደማየው፣ የዲግሪው ዝርዝር ትርጉም እዚህ ላይ ነው፦ ዝርዝሩ ስለ ተማሪዋ ሳይሆን ስለ ፍጥረቱ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ፊዚክስ የተጻፈው ተማሪዋ ፊዚክስ ትወድ እንደሆን ለማወቅ አይደለም፤ ስንዴው ፊዚክስ ስለሚሠራ ነው።

ከጎንደር የመጣ ሽማግሌ ይህን ወሬ ቢሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ባሌና አርሲ እስካሁን የሚዘራው አጃ፣ ገለፈቱ አልለቅ ብሎ በሙቀጫ የሚሸከሸከው፣ የዚሁ የዱር ስንዴ የእርሻ ልጅ ነው። ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዘር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 ፍልስጥኤምን፣ በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው የእነዚህን እህሎች ዝምድና ፍለጋ ነበር። ወላጅና ልጅ በሁለት አገር ሲኖሩ፣ አንድ የባቡር ጣቢያ ላይ የሁለቱንም ወሬ የሚያውቁ ሰዎች መገናኘታቸው ለተማሪዋ ትልቅ ሀብት ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን አልተጻፈም።

ኢንተግሬቲቭ ባዮሎጂ የተባለው የትምህርት ዘርፍ የተወለደውም አንድን ፍጥረት በየክፍሉ መከፋፈል ከሚያመጣው ጭንቀት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ እ.ኤ.አ. በ1989 እንስሳት ለብቻ፣ ዕፅዋት ለብቻ፣ ቅሪተ አካል ለብቻ ይጠኑባቸው የነበሩ ክፍሎች ተፈርሰው እንደገና ሲደራጁ አንደኛው አዲስ ክፍል ይህን ስም ያዘ። በ1996 ደግሞ የአሜሪካ የእንስሳት ሊቃውንት ማኅበር ስሙን ለውጦ የኢንተግሬቲቭና የንጽጽር ባዮሎጂ ማኅበር ተባለ። በርክሊ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቀው ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና አጠቃላይ ባዮሎጂ ከላይ ካየነው ብዙም አይለይም፤ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ከአንድ ጥግ ብቻ እየለቀመ መጨረስ አይችልም። ከአካል አሠራር፣ ከዝግመተ ለውጥና ከሥነ ምህዳር ወገን ሁሉ መውሰድ አለበት፤ ቤተ ሙከራ ወይም መስክም መውጣት አለበት። ድምሩ 120 ነጥብ ነው። እስራኤል ውስጥም የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ 120 ነጥብ ነው፤ የእስራኤሉ ግን በሦስት ዓመት ያልቃል፣ ተማሪውም ብዙ ጊዜ ከውትድርና የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ቁጥሩ ይመሳሰላል፤ ለመባዘን የሚተርፈው ጊዜ ግን አይመሳሰልም። መባዘን ደግሞ ለዚህ ትምህርት ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚህ ከኢትዮጵያዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ከዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። የመጀመሪያ ዲግሪው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ነው። ዶክትሬቱን ያገኘው ግን ከበርክሊ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በዚሁ በኢንተግሬቲቭ ባዮሎጂ ነው። አርዲፒተከስ ካዳባ የተባለውን የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው። በ2016 በአፋር ወራንሶ ሚሌ የመስክ ቡድኑ ያገኘው፣ በ2019 ይፋ የሆነው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ደግሞ አውስትራሎፒተከስ አናመንሲስ ለተባለው ሌላ ጥንታዊ ዘመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ሰጠው። የላይኛውን መንጋጋ መሬት ላይ ያየው የአካባቢው ተወላጅ አሊ በሬይኖ ነው። የራስ ቅሉ ዕድሜ የተነገረው በእሳተ ገሞራ አመድ ኬሚስትሪ ነው፤ አካባቢው ሐይቅ ዳር እንደነበር የተነገረው በደለሉና በዕፅዋቱ ቅሪት ነው፤ ዝርያው የተለየው በጥርስና በአጥንት ቅርጽ ነው። ታሪክ የተማረ ሰው እዚህ መሐል ምን ይሠራል ለሚል፣ ዘመንን መጠየቅ የለመደ አእምሮ ይዞ ገባ እላለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ዝርዝር ብቻ ቢጠብቀው ኖሮ ምናልባት በሩን አያልፍም ነበር።

ዝርዝሩ የማይጽፈው ነገር ማያያዝ ነው። ኮርሶቹን አንድ በአንድ ጨርሶ፣ በሁሉም ሰማንያ አምጥቶ፣ አንዱን ከሌላው ሳያገናኝ የሚመረቅ ተማሪ ሞልቷል። ብዙ ማወቅና ማያያዝ አንድ አይደሉም። ባቡሩ የሚያቋርጠው የኢይዝራኤል ሸለቆ ራሱ ይህን የተማረ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የሐይፋን ባቡር በአፉላ በኩል ደርዓ ላይ ከሒጃዝ መስመር ያገናኙት ኦቶማኖች ባለ 1050 ሚሊሜትር ሐዲዳቸውን የዘረጉት ረግረግና ወባ ባለበት ሜዳ ነበር። በ1920ዎቹ ወባን ለማጥፋት የተነሳው እስራኤል ክሊግለር ኪኒን ማደልን ብቻ አልያዘም፤ የውሃውን አወራረድ፣ የወባ ትንኝን መራቢያ፣ የገበሬውን የመስኖ ልማድና የሰዉን ትምህርት አንድ ላይ ነበር የያዘው። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የኢትዮጵያን ደጋ ወባ ሲመታው ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ተውሳኩ ያው የቆላው ተውሳክ ነበር። የዚያን ዓመት ዝናብና ሙቀት ከፍታውን አሸንፎ ትንኟን ወደ ላይ አወጣት፤ ደጋ ያለው ሰው ደግሞ አካሉ ወባን አልለመደም ነበር። በማይክሮስኮፕ ስር ተውሳኩን ብቻ ያየ ሰው የ1958ቱን ነገር ሊያስረዳ አይችልም፤ የአየር ጠባይ መዝገብ ብቻ ያነበበም እንዲሁ።

ማያያዝ ምን እንደሚመስል በጥሩ ሁኔታ ያሳየን ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታጠበበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኛቸው፤ ከላይ ያሉት ግን ደህና ነበሩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ትል ማደሪያ መሆኑን ያውቅ ነበርና ሳሙናው፣ ቀንድ አውጣውና የልጆቹ ሆድ ሕመም በአንድ ቅጽበት ተገጣጠሙለት። እናቶቻችን ያውቁት ነበር ብለን መመጻደቅ አያዋጣንም። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ያውቁ ነበር፤ ስንት እንዶድ በስንት ውሃ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል፣ ለሌላው ፍጥረትስ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለማወቅ ግን መመዘን፣ መበጥበጥና መቁጠር ያስፈልጋል። እነዚያ አሰልቺ የኬሚስትሪና የስታትስቲክስ ሰዓቶች ለዚህ ነበር። ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝቷል። ወንዝ ዳር ያልወረደ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ኬሚስትሪ ምንም ባላገኘ ነበር።

በኢትዮጵያም ዝርዝሩ እየተለወጠ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው የጋራ ዓመት ተመልሶ ባዮሎጂ የሚያጠናው ተማሪ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቦናና አንትሮፖሎጂ እንዲነካካ ተደርጓል። በሐሳቡ እስማማለሁ። በ2015 ዓ.ም. የመጣውና 50 ከመቶ ማለፊያ ያለው የመውጫ ፈተና ግን ምርጫ በማጥቆር የሚሠራ ነው፤ ክፍሉን ይለካል፣ መጋጠሚያውን መለካት ይቸግረዋል። አንድ ተማሪ የወባን የሕይወት ዑደት በትክክል አጥቁሮ፣ ጓሮው ያለው ጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚዋኝ ላያውቅ ይችላል። ትምህርት ክፍሎች ገንዘብ ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚቀንሱት የመስክ ጉዞ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያብሳል፤ አውቶቡስና አበል ስለሚጠይቅ።

አፉላ ያለች እናት ወይም አባት ይህን ሁሉ ትተው የሚጠይቁት ቀጥተኛ ነገር ነው፦ “ታዲያ ሐኪም ትሆኛለሽ ወይ?” መልሱ “አይ” ነው፣ ቢያንስ በዚህ ዲግሪ። ልጅቷ የሆስፒታል ቤተ ሙከራ፣ የዘር ምርምር፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ወይም ማስተማር ላይ ልትደርስ ትችላለች፤ ለብዙዎቹም ሁለተኛ ዲግሪ መጨመር ይኖርባታል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን መስማታቸው ይሻላል። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ይለወጥ ቢባል ግን እኔ የምመርጠው ካልኩለስን ማቅለል አይደለም። የመስክ ኮርስ ብዙ ጊዜ የሚውለው በሁለት መንፈቆች መካከል ባለው ዕረፍት ነው፤ ባለጸጋ ቤት ያደገ ተማሪ ጫማውን አጥብቆ ይሄዳል፣ የትምህርት ክፍያዋን በዕረፍት ወራት ሠርታ የምትሸፍን ልጅ ግን ቀላሉንና ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ኮርስ መርጣ ትተካዋለች። ነጥቡ እኩል ስለሆነ ማንም አይከለክላትም። ኮርሱ ወደ መደበኛው መንፈቅ ይግባ፤ ካልሆነም የነዚያ ቀናት ደመወዟ ይተካላት።