መጽሐፍ መምረጥና ጎረቤትን መዳኘት

ሰው መጽሐፍን የሚመርጠው እውነትን ለማግኘት ነውን? ወይስ አስቀድሞ ለፈረደው ፍርድ ምስክር ለመጥራት? ይህን ጥያቄ ለወጣቱ አንባቢ የማቀርበው እኔ ራሴ በዚሁ ነገር ስለ ተሳሳትሁ ነው።

በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በድንበር ምክንያት ጦርነት ገጠሙ። በዚያን ጊዜ ከአንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሁለት መጻሕፍት አገኘሁ፤ ገንዘቤ ግን ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነበር። አንደኛው የጎረቤታችንን ጥፋት አንድ በአንድ የሚዘረዝር ነው። ሁለተኛው ቤኔዲክት አንደርሰን የተባለው ሊቅ ስለ ብሔርተኝነት እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ነው። እኔም ሳላመነታ የመጀመሪያውን ገዛሁ፤ ቍጣዬን የሚያሞቅልኝን እንጂ የሚጠይቀኝን አልፈለግሁምና።

በታኅሣሥ ወር 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፥ በሁለቱ አገሮች መካከል የስልክ መስመር የተከፈተው በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአንድ ወንበር አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ከአስመራ ደወለልኝ። ከሰላምታ በኋላ ስንጨዋወት፥ እርሱም እንደ እኔ የወገኑን ክስ ብቻ ሲያነብ መኖሩን ነገረኝ። እንግዲህ ሁለታችንም ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ሆነን ኖረናል ማለት ነው!

ከዚህ በኋላ የአንደርሰንን መጽሐፍ ፈልጌ አነበብሁ። ሊቁ ነገሩን የሚጀምረው ቪየትናም፥ ካምቦዲያና ቻይና፥ የአንድ ርእዮተ ዓለም ተከታዮች ነን እያሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 እርስ በርሳቸው መዋጋታቸውን በማስታወስ ነው። በእርሱ አሳብ፥ የትንሽ አገር ሰው እንኳ አብዛኛውን ወገኑን ሳያውቅ ይሞታል፤ ሆኖም አንድ መሆናቸውን በልቡናው ይሥላል። ይህ የአገርን ፍቅር ሐሰት አያደርገውም። ለእኔ ግን አንድ ነገር ገለጠልኝ፤ ያላየሁትን ወገኔን በልቤ ሥዬ መውደድ ከቻልሁ፥ ያላየሁትን ጎረቤትም ክፉ አድርጌ የሣልሁት እኔው ነኝ።

ክስ የሚዘረዝር መጽሐፍ ሁሉ ውሸት ነው አልልም፤ በደል ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባዋል። ነገር ግን ብቻውን ሲነበብ ዳኛውን ያሳስታል። ፈረንሳይና ጀርመን ያን ያህል ደም ከተፋሰሱ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሁለቱም አገር ተማሪዎች አንድ የታሪክ መጽሐፍ በሁለቱ ቋንቋዎች አሳትመዋል።

ስለዚህ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፥ ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ እንደ ሆነ፥ ጎረቤታችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲሰማ ሳታፍሩ ልታነቡለት የምትችሉትን ግዙ።