ማራቅና ማጣራት፦ የለንደን ፍሳሽ ያስተማረው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 የሰኔ ሙቀት የቴምዝን ወንዝ አገማው። የመላው ለንደን ሽንት ቤት የሚራገፍበት ወንዝ ነበርና ክርፋቱ ዳርቻው ላይ ካለው ፓርላማ ድረስ ገባ። መጋረጃዎቹን ሽታ ያጠፋል በተባለ የኖራ ክሎራይድ ቢነክሯቸውም አልሆነም። ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው የፍሳሽ መስመር ጉዳይ በ18 ቀን ውስጥ ሕግ ሆኖ ወጣ። በ1848 እና 1849 ብቻ ኮሌራ ከ14 ሺህ በላይ የለንደን ነዋሪ ፈጅቶ ነበር። የድሃ ሰፈር ሞት ያላስቸኮለውን ምክር ቤት የራሱ አፍንጫ አስቸኮለው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት 132 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋና የፍሳሽ ቦይ በጡብ ከመሬት በታች ገነባ። ቦዩ ፍሳሹን ወንዙ ሳይደርስ እየጠለፈ በስተምሥራቅ ወዳሉት ቤክተንና ክሮስነስ ይወስደው ጀመር። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ የሞቱት በአብዛኛው አዲሱ መስመር ገና ባልተጠናቀቀበት በምሥራቅ ለንደን የሚኖሩ ነበሩ። እርግጥ ለዚያ ሰፈር በአግባቡ ያልተጣራ ውሃ ያከፋፍል የነበረው ኩባንያም እጁ አለበት። ከዚያ ወዲህ ለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ አላየችም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በድል ይዘጋል። ለእኔ ግን ዋናው ትምህርት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ባዛልጌት ፍሳሹን አራቀው እንጂ አላጣራውም። ቤክተንና ክሮስነስ ላይ በገንዳ ተጠራቅሞ ይቆይና የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ እንዳለ ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። የከተማዋ መሀል ንጹሕ ሲሆን የታችኛው ተፋሰስ ሰዎች አቤት ማለት ጀመሩ፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

መስከረም 3 ቀን 1878 ምሽት ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የሽርሽር መርከብ እዚያው አካባቢ ከጭነት መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ፍሳሹ የተለቀቀው ከአደጋው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነበር፤ ከወንዙ የወጣው አስከሬን በሚያዳልጥ አተላ ተለውሶ ነበር። ውሎ አድሮ ጉዳዩን የሚመረምር የንጉሣዊ ኮሚሽን በ1882 ተቋቋመ። ፍሳሹን በኖራና በብረት ጨው እያዘቀጡ ከላይ የሚቀረውን ውሃ ብቻ መልቀቅ ተጀመረ። ዝቃጩን ግን ከ1887 ጀምሮ በመርከብ እየጫኑ ባሕር ላይ ደፉት። እንዲህ ያለው ማራቅ እስከ 1998 ቀጠለ።

የማጣራቱን ትክክለኛ መንገድ ያሳዩት የማንችስተሮቹ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት ናቸው። በ1914 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ፍሳሹ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የዘቀጠውን አተላ ሳይደፉ ለሚቀጥለው ፍሳሽ መልሰው ተጠቀሙበት። አተላው ውስጥ የተራቡት ባክቴሪያዎች ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ጨረሱት። ዛሬም ብዙ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ወንፊቱ ጨርቅና ላስቲኩን ያስቀራል፤ አሸዋው ይለያል፤ ከባዱ ይዘቅጣል፤ ባክቴሪያ የሟሟውን ቆሻሻ ይበላል። የበሽታ ተሕዋስያን ከፊሉ በየደረጃው ይሞታል፣ ከፊሉ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። የወስፋት እንቁላልም ዝቃጩ ውስጥ ስለሚከማች ዝቃጩ ራሱ ሳይታከም ማሳ ላይ ሊወጣ አይገባም።

አዲስ አበባም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። የአቃቂ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ወርዶ ጎመንና ሰላጣ ያለማል፤ አትክልቱ ተመልሶ ወደ ገበያዋ ይመጣል። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተስፋፋው የቃሊቲ ጣቢያ የሚጠብቀው እንግዲህ ከታች ያለውን ገበሬ ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ተመጋቢ ጭምር ነው። ጣቢያው ሊያጣራ የሚችለው ግን የደረሰውን ብቻ ነው። ማንሆል ውስጥ ጨርቅ፣ ዳይፐርና ላስቲክ አትጣሉ፤ መስመሩ ይደፈንና ፍሳሹ መንገድ ላይ ይገነፍላል። የጣራችሁን ዝናብ ከፍሳሽ መስመር ጋር አታገናኙ። የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ስትጠሩም ከዋጋው ጋር አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ የጫነውን የት ነው የሚደፋው?