ብረቱ ከመቆረጡ በፊት

ልጄ፣ ለፒክአፕህ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ልታሠራ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የአንጋጫ ድንችና ጎመን መኪና እስኪገኝ አይጠብቅም። ግን በያጁ «ያገለገለ የአውቶሞቢል ጎማ አለኝ» ካለህ፣ ገና ብረቱን ሳይቆርጥ ስንት እንደሚሸከም ጠይቀው።

መልሱ ጎማው ጎን ላይ አለ። ከመጠኑ ቀጥሎ 91 ከተጻፈ፣ አቅሙ 615 ኪሎ ነው። ሁለቱ 1230 ይሆናሉ። ተሳቢው ራሱ 300 ቢመዝን 930 ይቀርሃል፤ በስም ዘጠኝ ኩንታል። በስም ያልኩት አውቄ ነው፤ የድንች ጆንያ አንገት ተቀጥሎለት ሲሰፋ መቶ ኪሎ ላይ እንደማይቆም ጫኞቹ ሁሉ ያውቃሉ። አንተ ሰባት ጫን። ስምንተኛው ሲያጓጓህ፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን አስብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ቢባልም፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልተጫነ አንዱ ጎማ የሁለቱን ዕዳ ይከፍላል።

ደግሞ ክብደቱን የሚሸከመው ከላስቲኩ ይልቅ አየሩ ነው። 615 የተባለው አየሩ በልኩ ሲሞላ ነው፤ ለመደበኛ የአውቶሞቢል ጎማ 36 ፒኤስአይ ገደማ። ሲጎድል ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ ወደ ሀላባ ስትወርድ የአገሩ ሙቀት ይጨመርበታል፣ ከዚያ ይፈነዳል። የፊት ጎማ ሲጎድል መሪው ይነግርሃል። የተሳቢው ግን ጢሱ በመስታወት እስኪታይ ዝም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አየሩን ጠዋት ሳትነሳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካ። መንገድ ላይ ግሎ ቁጥሩ ከፍ ቢል አታስተንፍሰው፤ ሲበርድ ጎድሎ ታገኘዋለህ። ጎሚስታው በመዶሻ መትቶ «ሙሉ ነው» ቢልህ፣ አመስግነህ በጌጅ ለካ።

ዕድሜውንም እይ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ፤ 2419 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ላስቲክ ያረጃል።

ቸርኬው የሚችለው ክብደት ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ታትሟል። ከጎማውና ከቸርኬው ያነሰው ቁጥር ያንተ ቁጥር ነው። ዝገት ከሸፈነው በያጁ በብረት ብሩሽ ይጥረግልህ፤ ከዚያም ካልተነበበ ሌላ ቸርኬ ይፈለግ። ስለ ዋጋው ልዩነት እኔ ጋ ና፣ እንነጋገራለን።