የጥፋት ውሃ፦ ተረት፣ ታሪክ ወይስ ፍርድ?

«ተረት» እና «ታሪክ» በድምፅ የተቀራረቡ ቃላት ቢሆኑም በማዕረግ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንድን ወሬ «ተረት ነው» ያልን እንደሆነ ከምድጃ ዳር፣ ከልጆች ጋር አስቀመጥነው ማለት ነው። «ታሪክ ነው» ያልን እንደሆነ ደግሞ ከሽማግሌዎች መካከል ወንበር ሰጠነው። በሁለቱ መካከል «አፈ ታሪክ» የሚባል ሦስተኛ ቃል አለን፤ ዳሩ ግን ይህን ቃል አዘውትረን የምንጠቀምበት «ውሸት ነው» ብሎ ለመናገር ይሉኝታ በያዘን ጊዜ ነው። ስለዚህም ስለ ጥንት ነገር ክርክር በተነሣ ቁጥር ተከራካሪው ሁሉ ከሁለት ጎራ ወደ አንዱ ይገባል። አንደኛው «እንዳለ እውነት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «እንዳለ ተረት ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ከእነዚህ ክርክሮች ሁሉ ዕድሜ ጠገብ የሆነው የጥፋት ውሃ ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ውሃ የሰውን ዘር ከምድር ጠራርጎ ያውቃልን? ወይስ ነገሩ የጥንት ሰዎች በፍርሃትና በምናብ የፈጠሩት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአንዱ ጎራ ድል ለማስጨበጥ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ በትክክል ተጠይቋል ወይ የሚለውን ለመመርመር ነው።

ነገሩን ከለንደን እንጀምር። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ለገንዘብ ኖት ማተሚያ ቅርጽ መቅረጽ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው ግን ከብሪቲሽ ሙዚየም አይጠፋም ነበር። እንግሊዞች ከነነዌ ፍርስራሽ፣ ከአሦር ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ቆፍረው ያመጧቸውን የሸክላ ጽላቶች ያለ መምህር ማንበብ ለመደ፤ በኋላም ሙዚየሙ ቀጠረው። በ1872 እ.ኤ.አ. ከስብርባሪዎቹ አንዱን ሲያነብ በተራራ ላይ ስላረፈች መርከብና ማረፊያ ፍለጋ ስለተላከች ርግብ የሚናገር ቃል አገኘ። ከደስታው ብዛት በክፍሉ ውስጥ እየተሯሯጠ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ ይባላል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ግኝቱን በጉባኤ ሲያነብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ሳይቀሩ ተገኝተው አዳመጡት። አንድ የለንደን ጋዜጣም ቀሪውን ስብርባሪ እንዲፈልግ ወጪውን ችሎ ወደ ነነዌ ላከው።

ስሚዝ ያነበበው ዛሬ የጊልጋሜሽ ታሪክ ዐሥራ አንደኛ ጽላት ተብሎ የሚታወቀውን ነው። በዚያ ውስጥ ኡትናፒሽቲም የተባለ ሰው ከአንድ አምላክ በምስጢር ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ መርከብ ይሠራል፤ ቤተሰቡንና እንስሳትን ያስገባል፤ ማዕበሉ ሲያበቃ ርግብ፣ ወንጭፊትና ቁራ በየተራ ይልካል፤ በመጨረሻም መሥዋዕት ያቀርባል። ከዚህም የሚቀድም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈ አትራሐሲስ የሚባል የባቢሎን ድርሰት ተገኝቷል። በሱመር ቋንቋ የተጻፈውም አለ፤ የእርሱ ባለታሪክ ዚኡሱድራ ይባላል።

የሚገርመው ነገር ይህን ነው፤ ያ አንድ ጽላት ለሁለቱም ጎራ እኩል መሣሪያ ሆነ። አማኙ «አያችሁ! አሕዛብ እንኳ መስክረዋል፤ ስለዚህ ተፈጽሟል» አለ። ተጠራጣሪውም «አያችሁ! ዕብራውያን ከባቢሎን ወስደውታል፤ ስለዚህ ተረት ነው» ሲል መለሰ። ሸክላው ግን ከሁለቱ አንዱንም አላለም። አንድ ወሬ በብዙ አፍ መነገሩ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከጎረቤት መወረሱም ሐሰት መሆኑን አያረጋግጥም።

ክርክሩ ከሸክላ ወደ አፈር የወረደው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ሊዮናርድ ዉሊ የተባለው እንግሊዛዊ የአርኪዮሎጂ ሊቅ በደቡብ ኢራቅ በኡር ከተማ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የሰው ሥራ ምልክት በድንገት አለቀ። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ያመጣው ንጹሕ ደለል ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ መጨረሻው ነው ቢሉም እርሱ ቁፋሮው እንዲቀጥል አዘዘ። ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ከወረዱ በኋላ እንደገና የሸክላ ዕቃና የድንጋይ መሣሪያ ብቅ አለ። ዜናው «የጥፋት ውሃ ተገኘ» እየተባለ በዓለም ተሰራጨ። ይሁንና ዉሊ ራሱ ጎርፉ የወንዞቹን ሸለቆ እንጂ ዓለምን ሁሉ አጥለቅልቋል አላለም። በኪሽና በሹሩፓክ ከተሞችም ደለል ተገኝቷል፤ ዘመኑ ግን ከኡሩ ጋር አልገጠመም። ከኡር ብዙም በማይርቀው በኤሪዱ ደግሞ እንዲህ ያለ ደለል አልታየም። የኤፍራጥስና የጤግሮስ ጎርፍ አንድ ሳይሆን ብዙ ነበር ማለት ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ዊልያም ራያንና ዎልተር ፒትማን የተባሉ አሜሪካውያን ሌላ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ከ7,600 ዓመታት ገደማ በፊት የሜዲትራኒያን ውሃ በቦስፎረስ በኩል ጥሶ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የነበሩትን ሰዎች አባርሯል፤ ወሬውም ከስደተኞቹ ጋር ተበትኗል አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የባሕሩ ከፍታ የጨመረው በጣም በአነስተኛ መጠን ነው ሲሉ ተቃወሟቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አከራካሪ ያልሆነው የበረዶ ዘመን ካበቃ በኋላ የዓለም ባሕሮች በሺህ ዓመታት ሂደት ወደ 120 ሜትር ያህል ከፍ ማለታቸው ነው። ዛሬ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ የምንለው ያኔ ደረቅ መሬት ነበር።

ምድርን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሸፈነ ውሃን በተመለከተ ግን የድንጋዩ ምስክርነት አሉታዊ ነው። ይህን በመጀመሪያ ያወቁት የሃይማኖት ጠላቶች አልነበሩም። አዳም ሴጅዊክ የካምብሪጅ የጂኦሎጂ መምህርና ቄስ ነበር። በየሸለቆው የተከመረው ጠጠርና ደለል የኖኅ ዘመን ውሃ ቅሪት ነው ብሎ ለዓመታት ካስተማረ በኋላ፣ ማስረጃው እንደማይደግፈው ሲረዳ በ1831 እ.ኤ.አ. በለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ፊት ቃሉን በይፋ አነሣ። ክህነቱን ግን አልተወም። አንድ ሰው እምነቱን ሳይጥል ለማስረጃ መታመን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ «ተፈጽሟል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህን ይመስላል፤ በየአገሩ ብዙ አስፈሪ ጎርፎች ነበሩ፤ ትዝታቸውም ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሸክላ ተላለፈ። የሜዳ ገበሬ አድማሱ ሁሉ ውሃ ሆኖ ሲያይ «ዓለም ጠፋ» ቢል አልዋሸም፤ የእርሱ ዓለም ጠፍታለችና። ወንዙ ጠባየ መልካም በሆነበት በግብፅ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ዓባይ በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ በረከት ስለነበር፣ ግብፃውያን አምላካቸው የሰውን ዘር ሊያጠፋ ስለመነሣቱ የሚተርኩት ታሪክ ውስጥ የሚያጠፋው ውሃ አይደለም። እንዲያውም የሰውን ዘር ያተረፈው በእርሻው ላይ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ ቀይ ጠላ ነው፤ አጥፊዋ አምላክ ደም መስሏት ጠጥታ ሰከረች። ሰው የሚያወራው ከወንዙ እንደተማረው ነው።

ነገር ግን ክርክሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለጂኦሎጂ ባለሙያዎች ትተን በተኛን ነበር። ጎርፍ መጣ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለምን መጣ ማለት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ደለል ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን የትኛውም ጉድጓድ አይመልሰውም። የእነዚህ ታሪኮች ክብደት ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

በአትራሐሲስ ድርሰት ሰው የጠፋበት ምክንያት ጫጫታው ነው። ሕዝቡ በዛ፣ ሁካታው በረከተ፣ ኤንሊል የተባለው አምላክ እንቅልፍ አጣ፤ ስለዚህ ይጥፉ አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ውሃው ያው ውሃ፣ መርከቡም ያው መርከብ ነው፤ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ ተለውጧል። ምድር ግፍ ስለሞላች ነው ይላል። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ይህንኑ ያጠነክረዋል። ከሰማይ የወረዱት ትጉሃን የወለዷቸው ረዓይት የሰውን ድካም በልተው ጨረሱ፤ ቀጥለውም ሰውን ራሱን መብላት ጀመሩ፤ የተገፉትም ጩኸት ወደ ሰማይ ደረሰ ይላል። በባቢሎን ጩኸት ወንጀል ነበር። በሄኖክ ግን ጩኸት አቤቱታ ሆነ። የደካማው ድምፅ ጆሮ የሚያደነቁር ሁካታ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ የሚያስነሣ ማመልከቻ ሆነ ማለት ነው። በጥፋት ውሃ ታሪክ ውስጥ ማንም የማይክደው ታሪክ ይህ ይመስለናል፤ የሰው ልጅ ሕሊና ታሪክ።

ይኸው ሐሳብ በወሎ ሐይቅ ዳርም ይተረካል። በሕዝቡ አፈ ታሪክ መሠረት አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ነው ይባላል። ሐይቁ በዚህ መንገድ ተፈጠረ ብሎ የሚከራከር ጂኦሎጂስት የለም። ነገር ግን ይህን ተረት ለትውልድ ያቆየው ሕዝብ ልዕልት ሆነው ደካማን ቢገፉ የሚጠይቅ አለ የሚለውን እምነቱን አብሮ አቆይቷል።

ይሁን እንጂ የሐይቁ ተረት አንድ የሚከብድ ነገር ሳያነሣ አያልፍም። ከልዕልቲቱ ጋር ቤተ ዘመዶቿና ወዳጆቿም ሰጥመዋል። እነርሱስ ምን አደረጉ? በኖኅ ዘመን የነበሩት ሕፃናትስ? ይህን ጥያቄ ዘመናዊ ተጠራጣሪ የፈለሰፈው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጥያቄው በጥንቱ ጽሑፍ ውስጥ አለ። በጊልጋሜሽ ታሪክ ውስጥ ኢሽታር ስለጠፉት ሰዎች እንደ ወላድ ትጮኻለች። ኤአ የተባለው አምላክም ኤንሊልን ይወቅሰዋል፤ ኃጢአቱን በኃጢአተኛው ላይ ማድረግ ሲገባህ እንዴት ያለ ማመዛዘን ጎርፍ ታመጣለህ የሚል ነው የወቀሳው መንፈስ። በቁርኣን ኑሕ በማዕበሉ መካከል ልጁን ይጣራል፤ ልጁ ተራራ ያድነኛል ብሎ ይቀራል፤ የአባትየውም ልመና ተመዝግቧል። በኦሪትም ከውሃው በኋላ የተሰጠው ተስፋ ዳግመኛ እንዲህ አይሆንም የሚል ነው፤ ቀስተ ደመናውም ለዚሁ ምልክት ተደረገ። የጅምላ ቅጣት ጥያቄ ከታሪኩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ይህ የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅንበት ነበር። በ1755 እ.ኤ.አ. ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በማዕበልና በእሳት ስትወድም የከተማይቱ ኃጢአት ነው ያሉ ሰባኪዎች ነበሩ። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ ደራሽ ጎርፍ አውርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የዘነበው በከተማይቱ ላይ ሳይሆን በላይኛው ደጋ ላይ ነው። ውሃው የወሰደው ከሰው ሁሉ የከፋውን አይደለም፤ ለወንዙ ዳርቻ የቀረበውን ነው። ከወንዝ ዳር ቤት የሚሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያላገኘ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ቁጣ ነው» የሚል ሰው ሳያውቀው ሟቾቹን ይከሳል፤ ሟች ደግሞ መልስ መስጠት አይችልም። ታሪኩ የተጻፈው የተገፉትን ለመደገፍ ሆኖ ሳለ የተገፉትን ለመክሰስ ሲውል ተገለበጠ ማለት ነው።

ቻይናውያን የጎርፍ ታሪካቸውን በሌላ መንገድ ይተርኩታል። ታላቁ ዩ ውሃውን ለማስወገድ ለዓመታት ቦይ ሲያስቆፍር ኖረ፤ በቤቱ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ሲያልፍ አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ አልገባም ይላሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ማን በደለ ሳይሆን ማን ይሠራል የሚለው ነው። ነገሩን ካሰብነው ግን የምዕራብ እስያዎቹም ታሪኮች ይህን አልዘነጉትም። ኡትናፒሽቲምም ሆነ ኖኅ የዳኑት ቀድመው ስለተነገራቸውና የተነገራቸውን ይዘው እንጨት ስላነሡ ነው። ከታሪኩ ሰፊ ቦታ የያዘውም የመርከቡ ርዝመት፣ ስፋትና ቅጥራን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጥፋት ውሃ ተረት ነው ወይስ ታሪክ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ከሁለቱ ጎራ ወደ አንዱ ለመሮጥ መቸኮል የለብንም። የመርከቡን እንጨት በተራራ ላይ የሚፈልገው ሰውና «ተረት ነው» ብሎ ጀርባውን የሚሰጠው ሰው በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ከደለሉ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስላቸውም። ታሪኩ ግን እኛን ይጠይቃል። ዛሬ ደመናን ከሰማይ በላይ ሆኖ የሚያይ መሣሪያ አለ፤ ዝናቡ ከመውረዱ በፊት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ከወንዙ ዳር የተኙትን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ነበር ወይ? ቢነገራቸውስ የሚሄዱበት ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር ወይ? ስለ ሟቾቹ ኃጢአት ከመናገራችን በፊት ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረን ይገባል።