የድምፅ ማንነት፦ ከፒክአፕ እስከ እንዚራ

የአንድ ድምፅ ማንነት የሚገኘው በአውታሩ ነው ወይስ አውታሩን በሚያሰማው አካል የሚለው ጥያቄ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ከበገና ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይጎላል። ፒክአፕ ማለት በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተከበበና የብረት ክሮችን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር ጊታር ባለአንድ ጥቅል ፒክአፕ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ሌላው ጊታር አምራች ጊብሰን በዚያው ዐሥርት ዓመት ያቀረበው ባለሁለት ጥቅሉ ሀምበከር ግን ከኤሌክትሪክ መስመር የሚገባውን ጉርምርምታ እያጠፋ ወፈር ያለ ድምፅ ያሰማል።

ሆኖም ማግኔት ከበግ አንጀት የተሠራ አውታር አይሰማም፤ ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ከተሞች በለሚም ሆነ በአንኮበር ለሚኖር ምእመን የዐቢይ ጾም ድምፅ የሆነው ባለዐሥር አውታሩ በገና፣ እንዲህ ያለ ፒክአፕ ቢገጠምለት እንደ ዲዳ ይቆጠራል። የበገና ነዛሪ ድምፅ የሚወለደው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው፣ እንዚራ ከተባለው ቁራጭ ቆዳ ነው።

እንግዲህ ፒክአፕም ሆነ እንዚራ ንዝረትን አይፈጥሩም፤ ከንዝረቱ የሚሰማውን ይመርጣሉ፣ መልክም ይሰጡታል። ድምፅ የአንድ ክፍል ንብረት ሳይሆን የክፍሎች ኅብረት ፍሬ ነው፤ ድምፁን ጸሎት የሚያደርገው ግን ቆዳውም ማግኔቱም ሳይሆን የደርዳሪው ልብ ነው።