የምትቀዳው ከየትኛው ሞዴል ነው?

 

በራውተር ቅርጽ የሚያወጣ አናጺ ከእንጨቱ በፊት የሚለፋው ሞዴሉ ላይ ነው። ኤምዲኤፍ ቆርጦ ጠርዙን በሞረድ ያስተካክላል፤ ከዚያ እንጨቱ ላይ ያጣብቀዋል። ምላጩ ላይ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ የሞዴሉን ጠርዝ ይዛ ትሄዳለች፤ ምላጩም እሷ በሄደችበት ይቆርጣል። ኩሽኔታ ልክና ስህተትን አትለይም። ሞዴሉ ላይ ጉብታ ካለ፣ አሥር የወንበር እግር ቢቆረጥ በአሥሩም ላይ ጉብታው ይወጣል።

ጠንቃቃ አናጺ አዲስ ሞዴል ሲፈልግም ከዋናው እንጂ ከቅጂው አይቀዳም። ከቅጂ ቅጂ ሲቀዳ ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ትሄዳለችና።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አነጋገራችንን፣ ቀልዳችንን፣ ቁጣችንን ከማን ነው የቀዳነው? ብዙ ጊዜ ስልካችን ላይ ካየነው ሰው፤ እሱም ከሌላ ቀድቶ ነው።

«የተከተልኩት ሰው ከተሳሳተ እኔ ምን አጠፋሁ?» እንል ይሆናል። ይህ ለኩሽኔታ ይሠራል። ለእኛ ግን አላህ ዐቅል ሰጥቶናል፤ ሞዴሉን መመርመር የራሳችን ኃላፊነት ነው። ዋናው ሞዴል ደግሞ አልጠፋብንም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልካም አርአያችን መሆናቸው በሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 21 ተነግሮናል። ዑለሞችን የምንከተለውም ወደ እሳቸው ስለሚያደርሱን ነው።

ዛሬ አንድ ልማዳችንን ብቻ እንምረጥ፤ ለምሳሌ ለእናታችን የምንመልስበትን ድምፅ። ከሲራቸው ጋር እናስተያየው። ታናናሾቻችን ከእኛ እየቀዱ ነው።

አላህ ፈለጋቸውን ከሚከተሉት ያድርገን። አሚን። ሶለዋት እናብዛ።